ብሪጁን የተሸከመው ጥርስ ሲጎዳ

ብሪጅ የወለቀውን ጥርስ የሚተካው ግራና ቀኝ ባሉት ጥርሶች ላይ ተደግፎ ነው። ከደጋፊዎቹ አንዱ ቢበሰብስስ? ነርቩ የወጣለት ጥርስ መበስበሱ ስለማይሰማው፣ አለማመሙ ደኅና ነው አያሰኝም። የብሪጁ መነቃነቅ፣ የአፍ ሽታና የድድ እብጠት ምልክቶቹ ናቸው።

ከአሶሳ አዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነውና፣ ከመንገዱ በፊት ቅርብ ባለ ሐኪም ቤት ራጅ መነሣትን እንመክራለን። ሥሩ ጤነኛ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ብሪጁ ተነሥቶ ጥርሱ ይታከምና አዲስ ይሠራል። ሥሩ ለሁለት ከተሰነጠቀ ግን መነቀሉ አይቀርም፤ ያኔ ረዘም ያለ ብሪጅ፣ ተነቃይ ጥርስ ወይም ኢምፕላንት ይመረጣል።

ፊት ካበጠና መዋጥ ካስቸገረ ቀጠሮ አንጠብቅ፤ በዕለቱ እንታከም። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) መታከምን አዘዋልና ሰበቡን እናድርስ፤ ሺፋው ከአላህ ነው።