ስም የሌላቸው ሁለት ፎቶዎች

ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ ስንሄድ፣ ጢያን አልፈን ቡኢን እናገኛለን። ቡኢ ውስጥ አንድ አዛውንት አሉ። ስሜ አይጻፍ ስላሉን ስማቸውን ትተነዋል። እኒህ ሰው አንድ አሮጌ የብስኩት ቆርቆሮ አላቸው። በውስጡ ገንዘብ የለም። ያለው ፎቶ ነው። አዛውንቱ የሚሰበስቡት የአንድ ሰው ፎቶ ብቻ ነው። እሱም የእግር ኳስ ተጫዋቹ መንግሥቱ ወርቁ ነው።

ነገሩ የጀመረው በ1954 ዓ.ም. ነው። ያኔ ልጅ ነበሩ። እንደ ብዙው የአገራቸው ልጅ አዲስ አበባ ገብተው ሊስትሮ ይሠሩ ነበር። በዚያ ዓመት የአፍሪካ ዋንጫ ውድድር አዲስ አበባ ላይ ተደረገ። ጥር 13 ቀን ኢትዮጵያና ግብጽ ለዋንጫ ተጋጠሙ። ግብጽ ሁለት ጊዜ መራች። ኢትዮጵያም ሁለት ጊዜ አቻ ሆነች። ሁለተኛዋን የአቻነት ግብ ያገባው የቡድኑ አምበል ሉቻኖ ቫሳሎ ነው። ሰዓቱ አልቆ 30 ደቂቃ ተጨመረ። የሉቻኖ ወንድም ኢታሎ ሦስተኛውን አገባ። ጨዋታው ሊያበቃ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን ደገመ። 4 ለ 2! ዋንጫው እዚሁ ቀረ።

«እኔ ለመግቢያ የሚሆን ገንዘብ አልነበረኝም» ይላሉ አዛውንቱ። «ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ጩኸቱን ሰማሁ። ሰው ሁሉ መንግሥቱ! መንግሥቱ! ይላል። መልኩን ግን አላየሁም።»

መልኩን ለማየት ጋዜጣ መፈለግ ጀመሩ። በዚያን ጊዜ ባለሱቅ ስኳሩንም ቡናውንም የሚጠቀልለው በአሮጌ ጋዜጣ ነበር። የኳስ ተጫዋች ፎቶ ሲያገኙ መንገደኛውን «ይሄ መንግሥቱ ነው ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። አዎ ካላቸው በምላጭ ቆርጠው ያስቀምጣሉ። ከፎቶው ሥር ያለውን ጽሑፍ አንዳንዴ ቆርጠው ይጥሉት ነበር። ማንበብ ስለማይችሉ ጽሑፉ ፎቶውን የሚያቆሽሽ መስሏቸው ነው። እንዲህ እያሉ 11 ፎቶ ሰበሰቡ። ለመስቀል ወደ ቡኢ ሲመጡ በብብታቸው ይዘውት መጡ።

ይህ ዓይነት ፍቅር በሌላም አገር አለ። አሜሪካኖች ቤዝቦል የሚሉት ጨዋታ አላቸው። እንደኛ ገና ጨዋታ ኳስ በዱላ ይመታል። የነሱ ኳስ ግን የሚመታው በአየር ሲወረወር ነው። የተጫዋቾቹ ፎቶ በትንንሽ ካርድ ላይ እየታተመ መጀመሪያ ከሲጋራ ጋር፣ በኋላም ከማስቲካ ጋር ይሸጥ ነበር። ከፊቱ ፎቶ፣ ከጀርባው ስሙና የሠራው ሥራ አለ። የአንድ ተጫዋች ካርድ ብቻ ዕድሜውን ሙሉ የሚሰበስብ ሰው ሞልቷል። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1952 የታተመ አንድ የሚኪ ማንትል ካርድ በ2022 በ12 ሚሊዮን 600 ሺህ ዶላር ተሸጧል። አንድ ብጣሽ ወረቀት! ይህን ስንነግራቸው አዛውንቱ ሳቁ። «የኔን የሚገዛ የለም። ቢኖርም አልሸጥም» አሉ።

አሁን ወደ ቡኢ እንመለስ። ከ11ዱ ፎቶ አንደኛው በጣም ያምራል። ተጫዋቹ ዘሎ ኳስ በራሱ ሲገጭ ያሳያል፤ ፊቱ ግን በደንብ አይታይም። ያንን ከነጽሑፉ በሊጥ አጣብቀው ከአልጋቸው በላይ ለጠፉት። ጭስ አጠቆረው። እንግዳ ሲመጣ «መንግሥቱ ነው» እያሉ ያሳዩ ነበር።

በ1972 ዓ.ም. በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ቆጠሩ። አንድ ቀን ማታ ኩራዝ አስጠግተው ከፎቶው ሥር ያለውን ጽሑፍ አነበቡ። ሉ… ቻ… ኖ… ደግመው አነበቡ። ሉቻኖ ቫሳሎ ይላል። «አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ አታለሉኝ!» ብለው ሊቀዱት ተነሡ። ባለቤታቸው ግን ያዟቸው። «የልጆቼ አባት፣ ይሄ ሰውዬ ግብ አላገባም እንዴ?» አሏቸው። «አግብቷል።» «ታዲያ ምን በደለህ?»

ፎቶው አልተጣለም። ግን ከግድግዳው ሲነሣ ሊጡ ይዞት አንዱ ጠርዝ ተቀደደ። ሌላውን ጠርዝ ቀድሞ አይጥ በልቶት ኖሯል። ከዚያ ወዲያ አዛውንቱ ፎቶ በግድግዳ ላይ አይለጥፉም። ሁሉንም በቆርቆሮው ውስጥ፣ ጭስና እርጥበት በማይደርስበት ቦታ አስቀመጡ። ብዕር ወረቀቱን አልፎ ስለሚታይ በየፎቶው ጀርባ በእርሳስ ጻፉ። ሰባቱ መንግሥቱ ሆኑ። ሁለቱ ሉቻኖ ሆኑ። በአንዱ የመንግሥቱ ፎቶ ጀርባ «በአፍሪካ ዋንጫ 10 ግብ አገባ፤ በ1974 አሠልጣኝ ሆኖ ቡድናችንን ሊቢያ ወሰደ» የሚል አለ። ቆይተውም «በ2003 ዐረፈ» ብለው ጨመሩበት።

የቀሩት ሁለቱ ጽሑፋቸው በምላጭ የተቆረጠ ነው። ፊታቸው ደብዝዟል። የድሮ ኳስ ወዳጅ በተገኘ ቁጥር ይታያሉ። አንዱ መንግሥቱ ነው ይላል፣ ሌላው አይደለም ይላል። «እንደ ጢያ ትክል ድንጋይ ሆኑብኝ» ይላሉ አዛውንቱ። «ምልክቱ አለ፤ የማን እንደሆነ የሚነግረኝ የለም። ያውም ምላጩን የያዝኩት እኔው ነኝ።»

ሁለቱ ፎቶዎች በቆርቆሮው ሥር ለብቻቸው ተቀምጠዋል። በጀርባቸው በእርሳስ «ማነው?» ተብሎ ተጽፎባቸዋል።