የአየር ሲሊንደር ተሸካሚው የእንጨት መደርደሪያ

በካሪቢያን ባሕር፣ ከቬንዙዌላ ጠረፍ ማዶ ቦኔር የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። ጠላቂ ዋናተኞች ወደዚያ የሚጎርፉት የግድ ጀልባ ስለማያስፈልጋቸው ነው። የመጥለቂያ ቦታዎቹ ስም በመንገድ ዳር በቢጫ በተቀቡ ድንጋዮች ላይ ተጽፏል፤ ጠላቂው መኪናውን ያቆምና ሲሊንደሩን አዝሎ ከዳር ይገባል። በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ ለሚጠልቅ ሰው ታዲያ ፒካፕ ዋና መሣሪያው ነው። ብዙዎቹ የኪራይ ፒካፖች ከኋላቸው የሲሊንደር መደርደሪያ የተገጠመላቸውም ለዚህ ነው።

መደርደሪያው ቀላል ሥራ ይመስላል። የሚሸከመው ግን ቀላል አይደለም።

በስፋት የሚሠራበት የአሉሚኒየም ሲሊንደር 11 ሊትር ገደማ ይይዛል። ሲሞላ ግፊቱ 207 ባር ይደርሳል፤ ይህም በባሕር ወለል ላይ ካለው የአየር ግፊት ከ200 እጥፍ ይበልጣል። ከነቫልቩ 17 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከዚህ ውስጥ ከሁለት ኪሎ ተኩል በላይ የሚሆነው የታመቀው አየር ብቻ ነው። ቅርጹ ድቡልቡል ስለሆነ ካልታሰረ በየኩርባው ይንከባለላል፤ ሾፌሩ ድንገት ፍሬን ሲይዝም ወደፊት ይወረወራል። ከሁሉ የሚያሰጋው አንገቱ ላይ ወጣ ብሎ የተገጠመው ቫልቭ ነው። እሱ ተመትቶ ከተሰበረ፣ የሚያፈተልከው አየር ሲሊንደሩን እንደ ሮኬት ሊያስወነጭፈው ይችላል።

ለፒካፕ የሚስማማውን መደርደሪያ ማንም የእንጨት ሥራ የሚሞክር ሰው ሊሠራው ይችላል። የሲሊንደሩ ወርድ 18.4 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 65 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ወፍራም ኮምፔንሳቶ ላይ 19 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ክብ ቀዳዳዎች ይወጣሉ። አንዱ ጣውላ ከወለሉ አጠገብ ሆኖ እግሩን ይይዛል፤ ሌላው ከወገቡ ከፍ ብሎ እንዳይወድቅ ይደግፈዋል። ሁለቱን በሞራሌ ማገናኘት ነው። በቀዳዳዎቹ መካከል እጅ የሚያስገባ ክፍተት ይተዋል፤ ጠርዛቸው በአሮጌ ካላማዳሪያ ወይም በምንጣፍ ቁራጭ ይሸፈናል። ንዝረት ሚስማርን ስለሚያላላ በብሎን ማሰር ይሻላል፤ የባሕር ጨው ስላለም ብሎኑ የማይዝግ፣ እንጨቱም ቀለም የተቀባ ይሁን።

ለትንንሽ መኪኖች ሲሊንደሩን ማስተኛት ይመረጣል። ግማሽ ክብ የተቆረጠላቸው ሁለት ጣውላዎች ከሥር ይደረጉና ከላይ በጭነት ማሰሪያ ቀበቶ ይጠፈራል። ቫልቩ ከምንም ጠንካራ ነገር ጋር መነካካት የለበትም።

ብዙዎች የሚዘነጉት መደርደሪያውን ራሱን ከመኪናው ጋር ማሰር ነው። አራት ሙሉ ሲሊንደር ወደ 70 ኪሎ ግራም ይጠጋል፤ መደርደሪያው ካልታሰረ በግጭት ጊዜ ይህ ሁሉ ክብደት አብሮት ይሄዳል።

ሙቀትም አይረሳ። በ20 ዲግሪ 200 ባር የነበረው ግፊት፣ ፀሐይ ላይ በቆመ ዝግ መኪና ውስጥ ሲሊንደሩ 60 ዲግሪ ቢደርስ ወደ 227 ባር ያሻቅባል። ስለዚህ መኪናውን ጥላ ሥር ያቁሙ፤ ከመነሳትዎ በፊትም እያንዳንዱን ሲሊንደር በእጅዎ ነቅንቀው ይፈትሹ፤ የሚወዛወዝ ካለ ማሰሪያውን ያጥብቁ።