ቴሌቪዥንና ተርጓሚው፦ ከዳሞት ምድር የታየ የጥናት ዳሰሳ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ ዐባይን ተሻግሮ፣ በደብረ ማርቆስና በደምበጫ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚያቀናው ጎዳና በዳሞት ምድር ካለችው ፍኖተ ሰላም ሲደርስ፣ ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ በግራና በቀኝ ባሉት ቡና ቤቶችና ጠጅ ቤቶች የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ አንድ ግድግዳ አዙሮ መቀመጡን በደጃፍ የሚያልፍ መንገደኛ ያያል። በዚያ ግድግዳ ላይ ቴሌቪዥን ተሰቅሏል። ነጋዴው ስለ በርበሬ ዋጋ የጀመረውን ጨዋታ ያቋርጣል፤ አሳላፊዋ ብርሌውን እንደ ያዘች ትቆማለች፤ ዜናው ሲያልቅም ከመካከላቸው አንዱ፣ ብዙ ጊዜ በዕድሜ የገፋው፣ የተባለውንና ሳይባል የቀረውን እየለየ መተርጐም ይጀምራል። ሰው በዚህ ሣጥን ፊት ተቀምጦ ምን ያያል፣ ያየውንስ እንዴት ይፈታዋል ብሎ የሚጠይቅ የዕውቀት ዘርፍ በውጭው ዓለም ከተመሠረተ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል፤ ይህን ሐተታ ለመጻፍ ያነሣሣኝም የአገራችን ጥናት ስለ ተናጋሪው ብዙ ሲጽፍ ስለዚያ ተርጓሚ ሽማግሌ ግን እምብዛም አለመጠየቁ ነው።

የዘርፉ ወላጆች ብዙ ናቸው። ቀድመው የተነሡት የኅብረተሰብና የሥነ ልቡና ሊቃውንት ሲሆኑ ጭንቀታቸው ሁሉ ቴሌቪዥን ሰውን ምን ያደርገዋል የሚል ነበር፤ ከእነርሱም አንዱ፣ በአሜሪካ በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ጆርጅ ገርብነር፣ ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ በየትርኢቱ የሚታየውን ግፍና ድብደባ እየቈጠረ፣ ቴሌቪዥን አብዝቶ የሚመለከት ሰው ዓለምን ከእውነቱ ይልቅ አስፈሪ አድርጎ እንደሚያያት ተከራከረ። ሌላው ወገን ከሥነ ጽሑፍ ትምህርት የመጣ ነው። የዌልስ ተወላጅ የሆነው ሬይመንድ ዊሊያምስ በ1974 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ፣ አንድ ማታ በማያሚ ከተማ ፊልም ሲመለከት ማስታወቂያውና የሌሎች ፊልሞች ቅንጫቢ እየገባበት የቱ የየቱ እንደ ሆነ መለየት እንዳቃተው ተርኮ፣ ቴሌቪዥን እንደ መጽሐፍ ተጀምሮ የሚያልቅ ሳይሆን እንደ ወንዝ ሳያቋርጥ የሚፈስ ነው ሲል አስተማረ። ይህ የፍሰት ትምህርት እስከ ዛሬ የዘርፉ የማዕዘን ድንጋይ ነው፤ ለዳሞት ሲነገር ግን እርማት ያሻዋል፤ እዚህ ወንዙ በየጊዜው ይደርቃልና። መብራት ሲጠፋ ድራማው ከመካከሉ ይቈረጣል፤ የቀረውንም ታሪክ ተመልካቾቹ በጨለማው ውስጥ በክርክር ይፈጽሙታል። ዊሊያምስ ያላየው ይህ የጨለማ ሰዓት ከብርሃኑ ሰዓት ያላነሰ ምርመራ የሚገባው ይመስለኛል።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ግን ከጃማይካ ሄዶ በእንግሊዝ አገር የበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲን የባህል ጥናት ማዕከል የመራው የስቱዋርት ሆል ትምህርት ነው። ሆል በ1973 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ጽሑፍ፣ አዘጋጁ በምስሉ ውስጥ የሚያኖረው ትርጕምና ተመልካቹ የሚያወጣው ትርጕም የግድ አንድ እንዳልሆኑ፣ ተመልካችም የተሰጠውን እንዳለ ሊቀበል፣ ከፊሉን ተቀብሎ ከፊሉን በራሱ ኑሮ ሊመዝን፣ ወይም ፈጽሞ ገልብጦ ሊያነበው እንደሚችል አስረዳ። ዋሸራና ጎንጅ ቅኔ ሲያስቈጥሩ በኖሩበት በጎጃም ምድር ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የመጻሕፍት መምህር ወንበር ዘርግቶ አንዱን ኃይለ ቃል «አንድም» እያለ ሲያበዛው የሰማ ሰው የሆልን ነገር ለመረዳት ብዙ አይደክምም። ሆኖም ሁለቱን አንድ ማድረግ ስሕተት ነው፤ የአንድምታው ብዝኀነት በአበው ጉባኤ የጸናና ደቀ መዝሙሩ ተቀብሎ የሚያቆየው ሲሆን፣ የቴሌቪዥኑ ተመልካች ግን ለትርጓሜው ከገዛ ኑሮው በቀር ምስክር የለውም።

የሆል ትምህርት እጅግ የጠለቀ ምሳሌ የሚገኘው በእኛው ታሪክ ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዕለት ሥራውን ሲጀምር፣ ሥርጭቱ ከአዲስ አበባና ከአካባቢዋ የማያልፍ፣ ይዘቱም የንጉሡን ክብር የሚያጐላ ነበር። በጥቅምት ወር 1973 እ.ኤ.አ. ዮናታን ዲምብልቢ የተባለ ጋዜጠኛ በወሎ የደረሰውን ረኃብ የሚያሳየውን ፊልሙን ለእንግሊዝ ሕዝብ አቀረበ፤ ያየው ሁሉ ልቡ ተነክቶ እጁን ለምጽዋት ዘረጋ። ያው ፊልም መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ በደርግ ትእዛዝ፣ ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር እየተፈራረቀ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግሥቱም ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። የራብተኛው ፊት አልተለወጠም፤ አጠገቡ የተቀመጠው ምስል ግን ምጽዋት ለማኙን ምስል ከሳሽ አደረገው። ሆል ጽሑፉን ባቀረበ በዓመቱ ይህን የመሰለ ማስረጃ በአንድ ሌሊት ተሠርቶ ሳለ፣ ስለ ኢትዮጵያ ረኃብና ስለ ቴሌቪዥን በውጭ አገር የተጻፈው ብዙ መጽሐፍ፣ ማይክል በርክና መሐመድ አሚን በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ከኮረም ያሳዩትን ዘገባ ጨምሮ፣ አብዝቶ የሚናገረው ስለ ሰጪው ፈረንጅ ልብ መሆኑ ያሳዝነኛል።

የምዕራብ ጎጃም ልጆችን ያገኛቸው ግን የክፍሉ ቴሌቪዥን ነው። በ1997 ዓ.ም. መንግሥት በደቡብ አፍሪካ የተቀረጸውን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት ማሠራጨት ሲጀምር፣ በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ ተማሪው ሒሳቡንና ፊዚክሱን በእንግሊዝኛ ከሚናገር ሰሌዳ ይቀበል ጀመር፤ የመሣሪያውም ስም ለትምህርቱ ተረፈና «ፕላዝማ» ተባለ። መምህሩ በመጀመሪያና በመጨረሻ ጥቂት ደቂቃ ይናገር ነበር፤ በመካከሉ ያለው የሰሌዳው ነበር። ሰሌዳው ጥያቄ ይጠይቅ፣ ጥቂት ጊዜ ይሰጥ፣ ከዚያም ተማሪው ጨረሰም አልጨረሰም መልሱን ገልጦ ያልፍ ነበር። ጌትነት ደምሴ በ2008 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን ዳሰሳ የመሰሉ ጥናቶች ስለ ቋንቋው ክብደት፣ ስለ ፍጥነቱና ስለ መምህሩ ዝምታ ብዙ ውይይት አስነሥተዋል። እኔ በዚህ ላይ የምጨምረው ከቅኔ ቤት የተማርኩትን ነው፤ በቅኔ ቤት ተማሪው የቈጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩም የተሰበረውን ቤት ያቃናለታል፤ ዕውቀት የሚጸናው በዚህ መስጠትና መቀበል ነው። ፕላዝማው ግን ይናገር ነበር እንጂ አይሰማም ነበር። ስለዚህ የፕላዝማው ዘመን ተማሪዎች ዛሬ ጐልማሶች ሆነው ሳሉ፣ ትዝታቸው ሳይደበዝዝ ቢጻፍ ለዓለሙ ዘርፍም አዲስ ምዕራፍ ይሆናል።

በዩኒቨርሲቲዎቻችን ዘርፉ የሚኖረው ከጋዜጠኝነት ትምህርት ጥግ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ በጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን የድኅረ ምረቃ ትምህርት ከከፈተ ወዲህ፣ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም በዚሁ ሙያ ማስተማር ከጀመረ ወዲህ፣ ዜናንና የመንግሥትን ተጽዕኖ የሚመረምሩ ድርሳናት ተበራክተዋል፤ ድራማና መዝናኛ ግን እንደ ቀላል ነገር ታልፈዋል። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የቱርክንና የሌሎች አገሮችን ተከታታይ ድራማዎች በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ሲጀምር የአገር ውስጥ የጥበብ ሰዎች ያሰሙት ተቃውሞ ራሱ ለብዙ ድርሳን የሚበቃ ነው። ላይላ አቡ ሉጉድ የተባለች የሥነ ሰብእ ሊቅ በላይኛው ግብፅ ገጠር ከገበሬዎች ቤት ተቀምጣ፣ ከእነርሱ ጋር የካይሮን ድራማ እያየች፣ በ2005 እ.ኤ.አ. ያወጣችው መጽሐፍ ለእኛ መልካም አርአያ ነው፤ ዐባይ ከሚመነጭበት ምድር ይህን ለመሥራት የሚያስፈልገው ትዕግሥትና ደብተር ብቻ ነውና።

ከየት ይጀመር ቢባል፣ የእኔ ምርጫ ማንኩሳ ናት። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ይህች ስፍራ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባወጡት በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ልብ ወለድ የባለታሪኩ የበዛብህ የትውልድ ቀዬ ናት። መጽሐፉ በመጀመሪያ ለማንበብ ለሚችል፣ ቀጥሎም በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ለሚሰማ ሁሉ ደረሰ፤ በቅርቡ ደግሞ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ሆነ። አንባቢው የበዛብህን አባት የቦጋለ መብራቱን ጎጆ በልቡ ሠራት፤ ሰሚው በድምፁ ውስጥ አያት፤ ተመልካቹ ግን ሌላ ሰው ሠርቶ አቁሞለታል። የማንኩሳ ገበሬ የራሱን ቀዬ ስም ከቴሌቪዥን ሲሰማ፣ የምሰሶውን አቋቋም፣ የእናቲቱን የልቅሶ ዜማ፣ የበሬውን ቀንበር አይቶ «ይህ የኛ ነው» ይላልን፣ ወይስ የከተማ ሰው እጅ እንደ ነካው ያውቃል? ይህን ለመጠየቅ ከፍኖተ ሰላም መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ደብተሩን ይዞ የሚነሣ ተማሪ በሚኒባስ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጅበትም።