ትንሽ የአየር ጀልባን በመልህቅ ማቆም

በአየር ተነፍታ የምትንሳፈፍ ትንሽ ጀልባ ክብደቷ አነስተኛ፣ ከውሃ በላይ የሚታየው ጎኗ ግን ሰፊ በመሆኑ፣ ቀላል ነፋስ እንኳ ዓሣ አጥማጁ ከመረጠው ቦታ ይገፋታል። መልህቅ፣ ማለትም በገመድ ታስሮ ወደ ሐይቁ ታችኛው ወለል የሚወርድ ማቆሚያ፣ ከ1.5 እስከ 3 ኪሎ ግራም የሚመዝንና ባለአራት ጥፍር ተጣጣፊ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል፤ ይሁንና ሹል ጥፍሮቹ ጀልባዋን ሊበሱ ስለሚችሉ በወፍራም ጨርቅ ተጠቅልሎ መያዝ ይኖርበታል። ርካሹ አማራጭ ዳርቻ ላይ በድንጋይ የሚሞላ ጠንካራ ከረጢት ነው፤ ነገር ግን ድንጋይ ውሃ ውስጥ ሲገባ ከክብደቱ ከሲሶ በላይ ስለሚያጣና ወለሉን ስለማይቆነጥጥ፣ የሚያገለግለው ውሃው ጸጥ ሲል ብቻ ነው።

ከክብደቱ ይልቅ ብዙዎች ችላ የሚሉት የገመዱ ርዝመት ይበልጥ ወሳኝ ነው፤ አጭር ገመድ መልህቁን ወደ ላይ እየሳበ ሲነቅለው፣ ረጅም ገመድ ግን ወደ ጎን ስለሚጎትተው ጥፍሩ ጭቃው ውስጥ ይቀበራል። ስለዚህ አማካይ ጥልቀቱ 8 ሜትር ገደማ በሆነው ጣና ሐይቅ ላይ፣ የጥልቀቱን አምስት እጥፍ፣ 40 ሜትር ያህል ገመድ መያዝ ብልህነት ነው። ገመዱ የሚታሰረው ከጀልባዋ ፊት ነው፤ ሞተር የተጫነበት ኋላዋ ከታሰረ ማዕበል በቀላሉ ይሞላታል።