ዓይን የማያየው ወጪ፦ የከባድ መሣሪያዎች ጥገና ከፊዚክስ አንጻር

ከዓለም ገና ተነሥቶ በቡታጅራ በኩል ወደ ወላይታ ሶዶ የሚዘልቀው መንገድ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ከተደረገው የሕዝብ መዋጮ ጋር ስሙ የተያያዘ ነው። በዚያ ዘመን ጉራጌዎች፣ ከከተማ ነጋዴው እስከ ገጠር ገበሬው፣ ገንዘብ እያዋጡ መንገድ የሚያሠሩ ድርጅቶችን አቋቁመዋል። መንገድ የሚሠራ ሕዝብ የሚከፍለው ለድንጋይና ለሬንጅ ብቻ አይደለም። አፈሩን ለሚገፋው ዶዘር፣ ለሚደለድለው ግሬደርና ለሚያመላልሰው ገልባጭ መኪና ነዳጅ፣ ዘይትና መለዋወጫም ይከፍላል።

መለዋወጫው በአብዛኛው ከውጭ አገር የሚገባ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ስለዚህ ያለ ዕድሜው ያለቀ አንድ ፒስቶን ዛሬ የሚያስከፍለው ዋጋ ከቀድሞው እጅግ የከበደ ነው። ይህን ወጪ ለመቀነስ ምን ማድረግ ይቻላል? ውድ አንባቢያን፣ መልሱን በወልቂጤና በቡታጅራ አካባቢ ከሚታዩ ሦስት ነገሮች፣ ማለትም ከአቧራው፣ ከከፍታውና ከቁልቁለቱ ተነሥተን እንፈልግ።

አቧራው

ቡታጅራ በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ዳርቻ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በዙሪያዋ የጥንት እሳተ ገሞራ የተፋቸው ኮረብታዎች ይታያሉ። ከእነርሱ የሚቆፈረው ቀይ ድንጋይ ሲደቅቅ ጠርዙ የሰላ ብናኝ ይሆናል። በማዕድናት የጥንካሬ መለኪያ የእሳተ ገሞራ ብርጭቆ ከ5 እስከ 6፣ የተለመደው አሸዋ (ኳርትዝ) ደግሞ 7 ሲሆን፣ ተራ ብረት ከ4 እስከ 5 ነው። ጠንካራው ለስላሳውን ይፍቃልና ብናኙ ብረቱን ይበላዋል ማለት ነው።

ብዛቱን በቀላል ስሌት እንመልከት። 10 ሊትር የሲሊንደር ይዘት ያለው ባለ አራት ምት የናፍጣ ሞተር በደቂቃ 1,800 ጊዜ ቢሽከረከር፣ በየሁለት ዙሩ አንድ ጊዜ ስለሚተነፍስ በደቂቃ 9,000 ሊትር፣ በሰዓት 540 ሜትር ኩብ አየር ይስባል። ይህም አራት ያህል የመማሪያ ክፍሎችን የሚሞላ አየር ነው። በ8 የሥራ ሰዓት 4,320 ሜትር ኩብ ይሆናል። በእያንዳንዱ ሜትር ኩብ ውስጥ አንድ አሥረኛ ግራም አቧራ አለ ብንል፣ ሞተሩ በቀን 432 ግራም አቧራ ይቀርብለታል። የአየር ፊልትሮው ከዚህ 99.9 በመቶውን ቢያስቀር፣ በ250 የሥራ ቀናት የሚያልፈው 108 ግራም ነው። በቀዳዳ ምክንያት 99 በመቶውን ብቻ ቢያስቀር ግን ከአንድ ኪሎ ግራም በላይ ይሆናል። የአንድ በመቶ እንኳ የማይሞላ ልዩነት፣ የሚፍቀውን ነገር አሥር እጥፍ አደረገው!

ፊልትሮን በኃይለኛ የኮምፕረሰር አየር የማራገፍ ልማድ የሚጎዳውም በዚህ ምክንያት ነው። ወረቀቱ ነጥቶ ቢወጣም፣ ከዓይን የተሰወሩ ቀዳዳዎች ሊከፈቱበት ይችላሉ። ለእነዚህ ጉዳዮች ዓይን ታማኝ ዳኛ አይደለም። ሰው ያለ መሣሪያ እገዛ ለይቶ የሚያየው ብናኝ ወደ 40 ማይክሮን ገደማ ሲሆን፣ በኩሽኔታና በዘንግ መካከል ያለው የዘይት ስስ ሽፋን ግን ብዙ ጊዜ ጥቂት ማይክሮን ብቻ ነው። ስለዚህ «ንጹሕ ይመስላል» የተባለው ዘይት ብረት የሚፍቅ ብናኝ ሊይዝ ይችላል።

ከፍታው

ወልቂጤ ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ፣ ቡታጅራ ደግሞ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍ ብለው ይገኛሉ። እዚህ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው 80 በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ውሃ በ93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይፈላል። የሞተር ማቀዝቀዣ ውሃ ግን ብዙ ጊዜ ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ይሠራል። ታዲያ ሞተሩን ከመፍላት የሚጠብቀው ምንድን ነው? የራዲያተሩ ክዳን ነው። 1 ባር ተጨማሪ ግፊት የሚይዝ ክዳን የመፍያውን ነጥብ ወደ 117 ዲግሪ ያደርሰዋል። የክዳኑ ማሸጊያ ጎማ ካረጀ ግፊቱ ያመልጣል፣ ውሃውም ይፈላል፤ ቴስታው ሊጣመም ይችላል። በባሕር ዳርቻ ከተማ ለጊዜው የሚታለፍ ጉድለት በወልቂጤ ሞተር ሊያቃጥል ይችላል።

ቁልቁለቱ

ከወልቂጤ ወደ ጅማ የሚወስደው መንገድ ወደ ጊቤ ሸለቆ ሲወርድ 800 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ከነጭነቱ 30 ቶን የሚመዝን ገልባጭ መኪና ይህን ሲወርድ የሚለቀው የከፍታ ኃይል 235 ሚሊዮን ጁል ገደማ ነው። ይህ 90 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ አፍልቶ ሙሉ በሙሉ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ይበቃል። ሾፌሩ በከባድ ማርሽ ወርዶ ሞተሩን እንደ ፍሬን ካልተጠቀመበት፣ አብዛኛው ሙቀት ወደ ፍሬን ሸራውና ወደ ታምቡሩ ይሄዳል። የፍሬን ሸራው ቶሎ ያልቃል፤ ከሁሉ የሚከፋው ግን ፍሬኑ ግሎ አልይዝ ማለቱ ነው። በዚህ ጊዜ የሚጠፋው ገንዘብ ብቻ አይሆንም።

ምን ይደረግ?

ከሦስቱም ምሳሌዎች የምንረዳው አንድ ነገር ነው፦ ትልቁ ወጪ የሚጀምረው ከትንሹና ከርካሹ ክፍል ነው። መሣሪያው እስኪቆም ጠብቆ መጠገን ወጪውን ከፊልትሮ ወደ ሞተር፣ ከማሸጊያ ጎማ ወደ ቴስታ ያሸጋግረዋል። መሣሪያው በቆመባቸው ቀናት ደግሞ ሠራተኛው ደመወዝ ይከፈለዋል፣ ሥራው ግን ይቆማል፤ ክረምትም አይጠብቅም።

ስለሆነም ጥገና በሰዓት ቆጣሪ ይመራ። አምራቾች እንደ 250፣ 500 እና 1,000 ሰዓት ያሉ የጥገና ጊዜዎችን ይደነግጋሉ፤ አቧራ በሚበዛበት ሥራ ደግሞ ጊዜው እንዲያጥር ያሳስባሉ። በየማለዳው ዘይትና ውሃ ማየት፣ ግሪስ መስጠት፣ የተደረገውንም በመዝገብ ማስፈር ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሥርዓት ግን ይጠይቃል።

በአቅራቢያችሁ ጋራዥ ያላችሁ ተማሪዎች አንድ ሙከራ ልታደርጉ ትችላላችሁ። መካኒኩን አስፈቅዳችሁ፣ የቀዘቀዘ የተቃጠለ ዘይት በጠርሙስ ውሰዱ፤ ከጠርሙሱ ውጭ ማግኔት አስጠግታችሁ አንድ ሌሊት አቆዩት። በማግኔቱ ትይዩ ጥቁር ደለል ከተሰበሰበ፣ በዚያ ውስጥ ከማሽኑ የተፋቀ ብረት ይኖራል። የደለሉን መጠን ከአንድ የዘይት ቅያሪ ወደ ሌላው እያነጻጸራችሁ መዝግቡ። ድንገት መጨመሩን ያስተዋለ ተማሪ፣ መሣሪያው ሳይቆም ባለቤቱን ሊያስጠነቅቅ ይችላል።