ከጉድጓድ አፋፍ የደረሰው ሕፃን

አንድ ሕፃን እየዳኸ ጉድጓድ አፋፍ ሲደርስ ያየ ሰው ምን ያደርጋል? ሳያስብ ይሮጣል። ወላጆቹ እንዲያመሰግኑት ብሎ አይደለም። ከ2300 ዓመታት በፊት የኖረው ቻይናዊ ፈላስፋ ሜንሲየስ በዚህ ምሳሌ ርኅራኄ ከሰው ጋር አብሮ የተፈጠረ መሆኑን አስተምሯል።

ታዲያ በእርሱና በኮንፊሺየስ ትምህርት ርኅራኄ ተራ አለው፤ መጀመሪያ ወላጅ፣ ቀጥሎ ዘመድ፣ ባዳ ከዚያ በኋላ። ሞዚ የተባለው ፈላስፋ ሰውን ሁሉ ሳናበላልጥ እንውደድ ቢል፣ ሜንሲየስ ይህ አባትን እንደመካድ ነው ብሎ ተቃውሞታል።

ፋን ጆንግያን (989–1052) በሕፃንነቱ አባቱን አጥቶ በድህነት የተማረ ታላቅ ሹም ነበር። በ1050 ገደማ በሱጆ 1000 ሙ የሚያህል የእርሻ መሬት ለጎሳው ሰጠ። ከምርቱ እህልና ልብስ ይታደል፣ ሠርግና ቀብርም ይደገፍ ነበር። ውድ አንባቢያን ወቅፍን ማስታወሳችሁ አይቀርም፤ እኛም አስታውሰናል። ልዩነቱ ተጠቃሚው የፋን ዘር መሆኑ ነው። ሥርዓቱ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ዘለቀ።

በሲንጋፖር በጎማ ንግድ የከበረው ታን ካ ኪም (1874–1961) መጀመሪያ ያሰበው የተወለደባትን መንደር ጂሜይን ነው። በዚያ ትምህርት ቤቶችን ከከፈተ በኋላ በ1921 የሻመን ዩኒቨርሲቲን መሠረተ። በ1934 ድርጅቱ ቢዘጋም ዩኒቨርሲቲውን ወዲያው አልተወም፤ ለመንግሥት ያስረከበው በ1937 ነው።

ባዳስ መቼ ተራ ደረሰው? በ2008 የሲቹዋን ምድር በተናወጠ ጊዜ ሕዝቡ ለማያውቀው ሰው ገንዘቡንም ደሙንም ሰጠ። ቴንሰንት የተባለው ኩባንያ ከ2015 ጀምሮ በሴፕቴምበር ወር በስልክ የሚለገስበት ዘመቻ ያካሂዳል። በ2016 የበጎ አድራጎት ሕግ ወጣ፤ በ2023 ሲሻሻል ታማሚዎች በኢንተርኔት እርዳታ የሚለምኑባቸውን መድረኮችም ነካ። ዘመድን ማመን ቀላል ነው፤ ስልክ ላይ ፎቶው ብቻ የሚታየውን ሰው ማመን ግን ሌላ ነገር ነው።

ሁዊ የሚባሉት የቻይና ሙስሊሞች ሁለቱንም ወርሰዋል። እንደ ሊው ጂ ያሉት ዑለማዎቻቸው ከ300 ዓመታት በፊት ኢስላምን በኮንፊሺየስ ተማሪዎች ቋንቋ ጽፈዋል። ዘካን «ትየንኮ» ይሉታል፤ የሰማይ ግብር እንደማለት ነው። በመስጊድ የሚሰጠውን ሶደቃ ደግሞ «ኒየትየ» ብለው ይጠሩታል። ቃሉ ከዐረብኛው «ኒያ» የመጣ ነው፤ የስጦታው ስም ከገንዘቡ ሳይሆን ከሰጪው ሐሳብ ተወሰደ።