መኪና ከተሸጠ በኋላ የክፍያውን ውል ስለ መለወጥ

በኮዬ ፈጬ የጋራ መኖሪያ ሠፈር፣ መኪና የቅንጦት ዕቃ ሳይሆን የእንጀራ መሣሪያ የሆነለት ሰው ብዙ ነው። ሠፈሩ ከመርካቶም ከፒያሳም የራቀ ስለ ሆነ፣ ሚኒባስ ወይም ታክሲ ገዝቶ የሚሠራ ሰው ተሳፋሪ አያጣም። ይሁን እንጂ ሙሉውን ዋጋ በእጁ ይዞ የሚገዛው ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ካጠራቀመውና ከዕቁብ ከደረሰው ገንዘብ ቅድሚያ ከፍሎ፣ የቀረውን ከባንክ ተበድሮ ይገዛል። ክርክር የሚነሣውም በእነዚህ በሁለቱ ክፍያዎች መካከል ባለው ጊዜ ነው።

አንድ የሠፈሩ ነዋሪ በ2,400,000 ብር መኪና ለመግዛት ተዋውሎ 960,000 ብር ከፈለ፣ ቀሪው 1,440,000 ብርም በባንክ ብድር እንዲከፈል ተስማማ እንበል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሻጩ ይደውልና፣ «የውጭ ምንዛሪ ስለ ጨመረ 400,000 ብር ይጨምሩ፤ ባንኩም የብድሩን መጠን ስለ ቀነሰ ቅድሚያ ክፍያዎ ወደ ግማሽ ከፍ ብሏል፤ አዲሱን ውል ካልፈረሙ መኪናው ለሌላ ይሸጣል» ይለዋል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለዚህ ጉዳይ መልስ አለው። በደንቡ መሠረት የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ ላይ እንደ ሕግ ይጸናል (ቁጥር 1731)። አንደኛው ወገን ግዴታው ካሰበው በላይ ስለ ከበደበት ብቻ ውሉ አይፈርስም፣ አይለወጥምም (ቁጥር 1764)። ዝም ማለትም እንደ መቀበል አይቆጠርም (ቁጥር 1682)። ስለዚህ የሻጩ ስልክ አዲስ ሐሳብ ከማቅረብ አያልፍም፤ ገዢው ካልተቀበለው የፊተኛው ውል እንደ ጸና ይኖራል። አደጋው ገዢው ደንግጦ ሁለተኛውን ወረቀት የፈረመ እንደ ሆነ ነው፤ ያን ጊዜ የፊተኛውን መብቱን በገዛ እጁ ለውጦታል።

ነገር ግን ሻጩን ሁሉ አታላይ አድርጎ መቍጠር ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፣ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። በፊተኛው ሒሳብ ሸጦ በኋለኛው ሒሳብ ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ ኪሳራው የታወቀ ነው። መድኃኒቱ ግን ውሉ ከመፈረሙ በፊት ይገኛል፤ ይኸውም የትኛው ባንክ፣ በየትኛው ቀን ያወጣው ምንዛሪ እንደሚታሰብ፣ ጭማሪው ከስንት በመቶ እንደማያልፍ፣ ገዢው ጭማሪውን ባይፈልግ ገንዘቡ በስንት ቀን እንደሚመለስለት በግልጽ መጻፍ ነው። «ዋጋው ሊለወጥ ይችላል» የምትለው አጭር ቃል ግን ለሻጩ የምታስበውን ያህል አትጠቅመውም፤ አንደኛው ወገን ብቻውን ያዘጋጀው ቃል አጠራጣሪ ሲሆን ለሌላው ወገን በሚጠቅም መንገድ ይተረጐማልና (ቁጥር 1738)።

ስለ ቀብድ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ በዚህ ነገር ብዙ ሰው ይሳሳታል። በቁጥር 1885 መሠረት ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢያፈርስ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ይህ ለገዢው ታላቅ ዋስትና ይመስላል። ነገር ግን 50,000 ብር ቀብድ ተቀብሎ የነበረ ሻጭ የመኪናው ዋጋ በ400,000 ብር ሲያድግ 100,000 ብር መልሶ መኪናውን ለሌላ ቢሸጥ ምን ይጎዳል? ቀብድ ማሰሪያ የመሆኑን ያህል የመውጫ በርም ነው። ከፍ ያለ ገንዘብ የሚከፍል ገዢ ደረሰኙ ላይ «ቀብድ» ሳይሆን «የዋጋው ከፊል ክፍያ» ተብሎ እንዲጻፍለት ቢያደርግ ይሻለዋል። ያን ጊዜ ሻጩ መኪናውን ባያስረክብ፣ ገዢው ተመሳሳዩን ከሌላ ዘንድ ገዝቶ የዋጋውን ልዩነት በካሣ ሊጠይቅ ይችላል።

የባንኩ ብድር ከሽያጩ የተለየ ሁለተኛ ውል ነው። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የባንኮችን የብድር ዕድገት በ14 በመቶ በወሰነ ጊዜ እንደ ታየው፣ ባንክ ሊሰጥ ያሰበውን ብድር ሊያዘገይ ይችላል። ስለዚህ ብድሩ ባይፈቀድ ቅድሚያ ክፍያው ያለ ቅናሽ እንደሚመለስ በሽያጩ ውል ውስጥ ይግባ። «ባንኩ ቀነሰ» የሚል ወሬ ሲመጣም ገዢው ራሱ ባንኩ ዘንድ ሄዶ በጽሑፍ ይጠይቅ። በአሜሪካ አገር ገዢው መኪናውን ወደ ቤቱ ከወሰደ በኋላ «ብድሩ አልተፈቀደም» ተብሎ ተጠርቶ በከፍተኛ ወለድ እንዲፈርም የሚደረግበት ተንኰል አለ፤ በገመድ ታስሮ በሚወርድና በሚወጣው የልጆች መጫወቻ ስም «ዮዮ» ይሉታል። ወሬው ሐሰት ሆኖ ገዢው በዚያ ተታልሎ ፈርሞ ከሆነ፣ አዲሱ ውል እንዲፈርስለት በሁለት ዓመት ውስጥ መክሰስ ይችላል።

አንድ ነገር ግን ገዢው እንዳያደርግ፤ ብድሩ ከተለቀቀ በኋላ በሻጩ ተቈጥቶ የባንኩን ወርኃዊ ክፍያ አያቋርጥ። ባንክ በዐዋጅ በተሰጠው ሥልጣን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን በሐራጅ ሊሸጥ ይችላል፤ ከሻጩ ጋር የተነሣው ጠብ ለባንኩ መልስ አይሆንም።

ሻጩ በአሳቡ ከጸና፣ ገዢው በፊተኛው ውል መሠረት እንዲፈጸምለት ቀን ቈርጦ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይስጠው፤ ያለ ማስጠንቀቂያ የቀረበ ክስ ይሰናከላልና (ቁጥር 1772)። በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ትክክለኛ መረጃ የማግኘትና የመካስ መብት ስላለው፣ ለንግድ ቢሮም ማመልከት ይችላል። በውሉ ውስጥ የግልግል ዳኝነት ቃል ካለ የአዲስ አበባ ንግድና ዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤት የግልግል ተቋም ጉዳዩን ሊመለከት ይችላል። ሻጩ የከሰረ እንደ ሆነ ግን መብት ብቻውን ገንዘብ አያስገኝም፤ በሞጆ መኪና ይገጣጥም የነበረው ሆላንድ ካር በ2005 ዓ.ም. ሥራውን ሲያቆም፣ ቀድመው ከፍለው መኪና ያልተረከቡ ደንበኞች ነበሩት።

የመጨረሻው ነገር የሰነዶች ማረጋገጫ ዕለት ነው። አንዳንድ ሰዎች የአገልግሎት ክፍያና ግብር ለመቀነስ ሲሉ ከእውነተኛው ዋጋ ያነሰ አስጽፈው ይፈርማሉ። በኋላ በዋጋው ክርክር የተነሣ እንደ ሆነ፣ ዳኛው ፊት የሚቀርበው ይኸው ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ነው።